ድራሙ ሲበዛ ድምፃዊው ይጠፋል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የሮክና የኢንዲ ምሽቶች በሐዋሳ

ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ያለው መሬት ሲደርቅ ስለ ኮንሰርት የሚጠይቁን ሰዎች ይበዛሉ። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከባንዶችና ቤታቸውን ለባንድ ከሚከፍቱ ሰዎች የመጡ ናቸው። ሮክ ስንል ዲስቶርሽን ባለው (ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር በተደረገ) ጊታር፣ በቤዝና በድራም ላይ የቆመውን ነው። ኢንዲ የምንላቸው ደግሞ አሳታሚ ሳይጠብቁ ዘፈናቸውን ራሳቸው ቀርጸው፣ ትኬቱንም ራሳቸው ሸጠው መድረክ የሚወጡትን ነው። እነዚህን ምሽቶች ደጋግሞ የሚያበላሻቸው አንድ ነገር ነው፤ ግጥሙ አይሰማም። ስለዚህ ብዙውን ቦታ የሰጠነው ለእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቀን ልንቆርጥ ነው። ሐዋሳ ላይ ለኮንሰርት የሚሻለው የትኛው ጊዜ ነው? (ከአቶቴ)

መልስ፦ ደጅ ላይ ከሆነ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር። ከመጋቢት ጀምሮ የበልጉ ዝናብ፣ ከዚያም ክረምቱ ስለሚከተል መስከረም ላይ እንኳ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊዘንብ ይችላል። መስከረም ላይ ደጅ ካላችሁ መድረኩና የሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው) ቦታ የግድ ጣሪያ ይኑራቸው፤ ተመልካች ቢረጥብ ይደርቃል፣ ሚክሰር ግን አይምርም።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ከየአቅጣጫው ምዕመን ስለሚገባ አልጋ ይጠፋል፣ መሐል ከተማ በባጃጅ ማለፍም ከባድ ነው። ከአዲስ አበባ ባንድ የምታስመጡ ከሆነ ከእነዚህ ቀኖች ቢያንስ ሦስት ቀን ራቁ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ደግሞ ቀኑን የሚያውጁት ሰማዩን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። ቀድሞ በታተመ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተማምናችሁ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አካባቢ ቦታ አትያዙ። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ብዙ ሰው ከዘፈን ይርቃል፤ ያን ጊዜ ለልምምድና ለቀረጻ ተጠቀሙበት። የዩኒቨርሲቲው የፈተና ሳምንትም እንዳይረሳ። የሮክ ታዳሚ በብዛት ተማሪ ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ያለ ካፌ አዳራሹን በወር አንድ ምሽት ሊሰጠን ተስማምቷል። ቤቱ 8 በ12 ሜትር ይሆናል፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። አራት ነን፤ ድራም፣ ቤዝና ሁለት ጊታር። አንዱ ጊታሪስት ይዘፍናል። በሙከራው ቀን ድምፃዊው ጨርሶ አልተሰማም፤ ማይኩን ከፍ ስናደርገው ያፏጫል። ምን ያህል ዋት ስፒከር እንከራይ? (አራት ጓደኛሞች)

መልስ፦ ስፒከር ከመከራየታችሁ በፊት ድራሙን ቀንሱ። በሙሉ ጉልበት የሚመታ ድራም በዚህ ስፋት ባለ ቤት ከ100 ዴሲቤል በላይ ይወጣል፤ ሶኬት ላይ ስላልተሰካ የሚቀንሰው ቁልፍ የለውም። ጊታሪስቶቹ ድራሙን ለመብለጥ አምፓቸውን (የጊታር ድምፅ ማጉያቸውን) ይከፍታሉ። ቤዙ ይከተላል። ድምፃዊው ሁሉንም ለመብለጥ ማይኩን ያስከፍታል፣ ማይኩም ከስፒከር የወጣውን መልሶ እየሰማ ማፏጨት ይጀምራል። ባለ 1000 ዋት ስፒከር ብትጨምሩ የሚጨምረው ፉጨቱ ነው፤ ችግሩ ያለው ከስፒከሩ ሳይሆን ማይኩ ከሚሰማው ነገር ላይ ነውና።

ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ሥሩት። ድራመሩ ወፍራሙን 5ቢ ዱላ ትቶ 7ኤ ይያዝ፤ ቀጫጭን እንጨቶች የታሰሩበት ሮድ የሚባለው ዱላ ከተገኘ ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ የሚመታውን ቆዳ እስኪነካ አስገቡ። ስኔሩ (ድራመሩ ፊት ያለው ጉርድ ከበሮ) ላይ ጠርዙ ጋ የአውራ ጣት ርዝመት ያለው የጨርቅ ቴፕ ለጥፉ፤ መሐሉ ላይ ከለጠፋችሁ ድምፁ ካርቶን ይሆናል። ሁለት ክራሽ ሲምባል (የብረት ሳህን) ካለው አንዱ ቤት ይቅር። ከድራሙ ሥር 2 በ2 ሜትር ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ሴራሚክ ላይ ኪኩ እየተንሸራተተ ድራመሩ በዘፈን መሐል ሲጎትተው የሚታየው ምንጣፍ ስለሌለ ነው።

ከዚያ ቦታው። ድራሙን መስታወቱ ፊት አታስቀምጡ። ሲምባል ከመስታወት ተመልሶ በቀጥታ ወደ ድምፃዊው ማይክ ይገባል። መስታወቱ ተመልካቹ ጎን እንዲሆን መድረኩን አዙሩትና ወፍራም መጋረጃ ከመስታወቱ 10 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ስቀሉ። ተጣብቆ የተሰቀለ መጋረጃ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ክፍተቱ ሲኖር ወፈር ያለውንም ይቀንሳል። አንድ ሌላ ነገር፦ የሰው ልብስና ገላ ድምፅ ይመጥጣል። ባዶ ቤት ውስጥ የሚያስተጋባው ግማሹ 100 ሰው ሲገባ ይጠፋል። በባዶው ቤት ተደናግጣችሁ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ከሚክሰሩ ላይ ብትቆርጡ ምሽቱ ላይ ድምፃችሁ በትራስ ሥር ያለ ይመስላል።

ለጊታር 15 ዋት የቱቦ አምፕ ወይም ከ30 እስከ 50 ዋት የትራንዚስተር አምፕ ለዚህ ቤት ይበቃል። አምፑን መሬት ላይ አታስቀምጡት። ከስፒከሩ ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣው እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ነው። መሬት ላይ ሲሆን የጊታሪስቱን ጉልበት አልፎ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ጆሮ ይመታል፤ ጊታሪስቱ ራሱ «አልተሰማኝም» እያለ ይጨምራል። ወንበር ላይ አውጡትና ወደ ጆሮው እንዲያይ ወደ ኋላ አዘንብሉት። ብዙ ጊዜ ጊታሪስቱ ሳይለመን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ኪራዩ። ባለ 12 ኢንች ሁለት ስፒከር፣ አንድ ሞኒተር (ድምፃዊው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር)፣ 8 ቻናል (መግቢያ) ያለው ሚክሰር፣ 3 ማይክና 2 ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ለመሰካት የሚያገለግል ትንሽ ሳጥን) በቂ ነው። ዋናዎቹን ስፒከሮች በማቆሚያ ላይ አውጡ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ሆርን የሚባለው ክፍል ከቆመ ሰው ራስ በላይ፣ ወደ 2 ሜትር ይሁን። ከድምፃዊው ማይክ ቢያንስ 1 ሜትር ወደ ፊት ይውጡ እንጂ ከኋላው ፈጽሞ አይሁኑ። በእነሱ የሚያልፈው የዘፈን ድምፅና ምናልባት ትንሽ ኪክ ብቻ ነው። ጊታሩ ከአምፑ በቀጥታ ይሰማል።

የሞኒተሩ ቦታ በማይኩ ዓይነት ይወሰናል። እዚህ አገር በብዛት የሚገኘው ሹር ኤስኤም58 ፊቱን ብቻ የሚሰማ፣ ጭራው ግን የሚደነቁር ማይክ ነው፤ ሞኒተሩን በጭራው ትይዩ፣ ከድምፃዊው እግር ፊት አስቀምጡት። ቤታ58 ከሆነ ግን ጭራው ትንሽ ይሰማል፣ የሚደነቁረው ጎንና ጎን ወደ ኋላ ስለሆነ ሞኒተሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሸሸት ይበል። ድምፃዊው የማይኩን ወንፊት በእጁ ከሸፈነ ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ወንፊቱ ሲሸፈን ማይኩ በሁሉም አቅጣጫ መስማት ስለሚጀምር ወዲያው ያፏጫል።

የከንፈርና የማይክ ርቀትም ትልቅ ነገር ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ከንፈሩ ከማይኩ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ዘፋኝ ወደ 4 ሲርቅ፣ ሳውንድ ማኑ (ሚክሰሩን የሚይዘው ሰው) ያንን ለመመለስ ማይኩን ወደ ፉጨት አፋፍ መግፋት አለበት። ዘፋኙ ተጠግቶ እንዲዘፍን ማስለመድ ከየትኛውም ዕቃ ይረክሳል።

ፉጨቱን የምታጠፉት እንዲህ ነው። ማይኩን ድምፃዊው በሚቆምበት ቦታ አቁማችሁ ሞኒተሩን በዝግታ ጨምሩ፤ ማንሾካሾክ ሲጀምር አቁሙና አድምጡ። «ኡ» የሚል ከሆነ ከ250 እስከ 500 ኸርዝ (በሰከንድ ያለው የንዝረት ብዛት) አካባቢ ነው፣ «አ» ከሆነ ወደ 1000፣ «ኢ» ከሆነ ከ2000 በላይ። በሚክሰሩ ኢኩዋላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ የሚያስተካክለው ክፍል) እዚያው ላይ በጠባቡ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንሱ። ሁለት ቦታ ብቻ፤ ሦስተኛና አራተኛ ከፈለጋችሁ ሞኒተሩ በዝቷል ማለት ነው። የዘፋኙ ቻናል ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት፤ እዚያ ያለው የእግር ኮቴና የኪክ ንዝረት ነው።

ባንዶቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ድራምና አምፕ ተጋሩ፤ እያንዳንዱ ድራመር ስኔሩን፣ ሲምባሉንና የኪክ ፔዳሉን ብቻ ይዞ ይምጣ። ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ከኋላ ወደ ፊት ይሁን፤ መጨረሻ የሚጫወተው መጀመሪያ ይሞክር፣ መጀመሪያ የሚጫወተው መጨረሻ ላይ ይሞክርና ዕቃው እንደቆመ በር ይከፈት። ለእያንዳንዱ ባንድ 40 ደቂቃ፣ ባንድ ለመቀያየር 20 ደቂቃ ያዙ። 10 ደቂቃ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሦስተኛው ባንድ በባዶ ወንበር ፊት ይጫወታል።

ጥያቄ፦ ትዝታን በዲስቶርሽን ስንጫወተው ያምራል፤ አንቺሆዬ ላይ ግን ጊታሩ ይጨቀያል። ክራርም ጨምረናል፤ እሱ ደግሞ ቤቱን ሁሉ ያጮኸዋል። (ከሪፈራል አካባቢ)

መልስ፦ ዲስቶርሽን ሁለት ኖታ አብረው ሲገቡበት ሌሎች ድምፆችን ይፈጥራል፤ ከእነሱ አንዱ የሁለቱ ልዩነት ነው። 110 ኸርዝ ላይ ያለውን ላ ከ165 ኸርዙ ሚ ጋር ስትመቱ ልዩነቱ 55 ኸርዝ ነው፤ 55 ደግሞ ያው ላ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ጊታሩ ቤዝ የተጨመረበት ያህል የሚወፍረው ለዚህ ነው። 131 ኸርዝ ያለውን ዶ ከ139ኙ ሬ ቤሞል (ግማሽ ደረጃ ዝቅ ካለው ሬ) ጋር ብትመቱ ግን ልዩነቱ 8 ኸርዝ ገደማ ነው። ያ ኖታ አይደለም፣ መንቀጥቀጥ ነው።

አሁን ቅኝቶቹን እዩአቸው። ሁሉንም ከዶ እንነሣ። የትዝታ ሙሉው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ዶ ከሶል፣ ሬ ከላ፣ ሶል ከሬ፣ ላ ከሚ ጋር ንጹሕ አምስተኛ፣ ማለትም ከላይ ላ ከሚ ጋር ሲመታ ያየነውን ዓይነት ርቀት፣ ይሰጣሉ። አራት ፓወር ኮርድ (ከአንድ ኖታና ከአምስተኛው ብቻ የሚሠራ ኮርድ) በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው። በትዝታ ቤሞል (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል) ሦስት አለ። አምባሰልም (ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል) ሦስት አለው፤ ዶ ከሶል፣ ሬ ቤሞል ከላ ቤሞል፣ ፋ ከዶ። ለከባድ ሮክ አምባሰል እጅግ የሚመች ቅኝት ነው ብለን እናምናለን፤ ከዶ ወደ ሬ ቤሞል የምትወጣው ግማሽ ደረጃ ብቻዋን አንድ ዘፈን ትሸከማለች።

አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ሶል የለም። ዶ ላይ ፓወር ኮርድ ስትመቱ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ሶል ታስገባላችሁ፣ እሱም ከሶል ቤሞሉ ጋር ይጋጫል፤ ጭቃው እሱ ነው። መፍትሔው ዶን ለቤዙ ትቶ ጊታሩ ፋ ከዶ እና ሶል ቤሞል ከሬ ቤሞል ጋር ባሉት ሁለት ፓወር ኮርዶች መካከል እንዲመላለስ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም ከቅኝቱ አይወጡም። ዜማውን አንድ ጊታር በነጠላ ኖታ ይያዝ፤ ዲስቶርሽኑም ካሰባችሁት ግማሽ ይሁን። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር የሠራውን ያዳመጠ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሽለላው ዜማ በሳክስፎን ብቻውን ይሄዳል፣ ጊታሮቹ ምቱን ቆርጠው ይይዛሉ፣ አንዱ በሌላው መንገድ አይገባም። ጃኖ ባንድን ለሚከተሉም ይህ መንገድ አዲስ አይሆንም።

ክራሩን በተመለከተ፦ ማይክ ከፊቱ አታቁሙለት፤ ገበቴው ከበሮ ስለሆነ መድረኩ ላይ ካለው ድምፅ ሁሉ ጋር አብሮ ይርገበገባል። ፒዞ ፒክአፕ (ንዝረትን በቀጥታ ከመሣሪያው የሚቀበል ትንሽ ተለጣፊ) በቆዳው ላይ፣ ከድልድዩ እግር አጠገብ አጣብቁ። ፒዞ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ቀጭንና ኮሽ ኮሽ የሚል ይሆናል፤ የመግቢያ ኢምፒዳንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) 1 ሜጋኦም የሆነ አክቲቭ ዲአይ፣ ማለትም የራሱ ኃይል የሚያስፈልገው ዲአይ ቦክስ፣ ያስፈልገዋል። ሚክሰሩ ላይ ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ከዚያም ክራር ተጫዋቹ ከቤዝ አምፑ ፊት ይነሣ፤ ከ2 ሜትር በላይ ሲርቅ ጩኸቱ ራሱ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋብን፤ ሲመለስ አንድ ስፒከር ተቃጠለ። ጄኔሬተር ስንት ኪሎ ይሁን? (የካፌ ባለቤት)

መልስ፦ ከላይ ለጠቀስነው ዓይነት መድረክ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ሁለቱ ስፒከርና ሞኒተሩ እያንዳንዳቸው 300 ዋት ብንይዝላቸው 900፣ ቤዝ አምፕ 300፣ ሁለት ጊታር አምፕ 200፣ የኤልኢዲ መብራቶች 200፣ ሚክሰርና ላፕቶፕ 100፤ ድምሩ 1700 ዋት። ሙዚቃ ድንገት ስለሚዘል እጥፉን ያስቡ፣ 3400። 5 ኬቪኤ የተባለ ጄኔሬተር በ0.8 ሲባዛ 4000 ዋት ይሰጣል፣ ይበቃዎታል። ስፒከሩ ላይ የተለጠፈው 1000 ወይም 2000 ዋት ለቅጽበት የሚወጣ ጉልበት ስለሆነ በእሱ አያስሉ። ነገር ግን ፍሪጁንና የቡና ማሽኑን በዚሁ ላይ አይሰኩ። የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ በዚያች ቅጽበት ዲጂታል ሚክሰር ጠፍቶ ይነሣል።

የቤንዚን ጄኔሬተር በዚህ ጭነት በሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይጠጣል። በር ከመከፈቱ በፊት ይሙሉት፤ ሞተሩ እንደጋለ ነዳጅ አይጨመርም። ከ20 ሜትር በላይ ይራቅ፣ ጭሱም ወደ በርና ወደ መስኮት አይዙር። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። የሚዘረጋው ኬብል ቢያንስ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥቅልል ኤክስቴንሽን ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ውስጡ እየጋለ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ጄኔሬተሩን አስነሥተው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለክተው 220 ቮልት አካባቢ ሲረጋ ሚክሰሩን፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ስፒከሮቹን ያብሩ። ሲያጠፉ ስፒከሮቹ ይቅደሙ። መብራት ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ሮጦ ስፒከሮቹን ማጥፋት። የእርስዎ ስፒከር የተቃጠለው ክፍት እንደሆነ መብራቱ ከፍ ብሎ ሲመለስበት ሳይሆን አይቀርም። ለሚክሰሩ ብቻ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ቢያደርጉ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያቆየዋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን። አምፑ «እም» ሲል የሶኬቱን ሦስተኛ እግር፣ ማለትም የኧርዙን፣ የሚቆርጡ አሉ። እጁ የጊታር ክር ላይ፣ ከንፈሩ ማይኩ ላይ ያለ ዘፋኝ ኤሌክትሪክ የሚይዘው በዚህ ነው። ከሳውንድ ቼክ በፊት የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ማይኩ ወንፊት ላይ፣ ሌላውን ጊታሩ ክር ላይ አድርገው በኤሲ ቮልት ይለኩ። ዜሮ ወይም አንድ ሁለት ቮልት ካለ ደህና ነው። በአሥሮች የሚቆጠር ካሳየ ማንም አይዝፈን፤ አምፑና ሚክሰሩ ኧርዝ ካለው ከአንድ ቦታ መብራት እንዲያገኙ አድርገው እንደገና ይለኩ። «እም» የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት ዲአይ ቦክሱ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል ቁልፍ አለ፤ ሥራው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ነበር ያዘጋጀነው፤ ድምፁን አልጮኽንበትም፣ ግን ከሩቅ ሰፈር ቅሬታ መጣ። (ከአሞራ ገደል አካባቢ)

መልስ፦ ቀን ላይ መሬቱና አየሩ ሞቆ ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል። ፀሐይ ስትገባና ነፋሱ ሲቆም ውሃው ላይ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ውሃው ይታጠፍና ሳይደክም ማዶ ይደርሳል። ሳውንድ ቼኩን በ9 ሰዓት ሠርታችሁ በምሽቱ 2 ሰዓት ያንኑ መጠን ብትከፍቱ፣ እናንተ ጋ ያው ነው፤ ማዶ ላለው ግን አይደለም። አንድ ትልቅ ስፒከር ከሩቅ ከማስጮህ አራት ትንንሾችን ተመልካቹ መሐል አስቀምጡ። ፊታቸው ወደ ታች፣ ወደ ሰዉ ይሁን። ርቆ የሚሄደው ወፍራሙ ድምፅ ስለሆነ ሰብውፈሩን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ዝጉት።

ደግሞም ዳርቻውን በገመድ ከልሉ። ጉማሬ ማታ ማታ ሳር ሊግጥ ከሐይቁ ይወጣል፤ ጨለማ ውስጥ በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በድምፁ ይሸሻል ብላችሁ አትተማመኑ።

ጥያቄ፦ የሌላ ሰው ዘፈን በሮክ ቀይረን ብንጫወት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

መልስ፦ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ ማቅረብም ሆነ መቀየር የባለመብቱ ነው። መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ዜማና ግጥሙ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ከሆኑ ሁለቱንም ሰዎች ጠይቁ። በጽሑፍ ይሁን፤ አጭር ቢሆንም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ለሚደረግ ኮንሰርት ከሐዋሳ ልሄድ ነው። ባለፈው በሰዓት ስሕተት ምክንያት ግማሹ አለፈኝ። (ከታቦር)

መልስ፦ ፖስተሩ ላይ «8፡00» ብቻ ካለ አይመኑ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በእኛ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት። ለውጭ ባንድ የተሠራ ፖስተር ብዙ ጊዜ የፈረንጁን ይዞ ነው የሚወጣው። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 25 በተለመደው ዓመት ኦክቶበር 5 ሲሆን ሴፕቴምበር 25 ደግሞ መስከረም 15 ነው። አሥር ቀን ይለያያሉ። የሳምንቱን ቀን አብረው ይመልከቱ፤ መስከረም 25 እና የተጻፈው «ቅዳሜ» ካልተገጣጠሙ በሌላው አቆጣጠር ይሞክሩት። የተጻፈው ሰዓት በር የሚከፈትበት ይሁን ባንዱ የሚወጣበትም ይጠይቁ፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ሊኖር ይችላል።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሻሸመኔና ሞጆ ላይ ከተጨናነቀ አምስት ሰዓት ያልፋል። የረጅም መንገድ አውቶቡስ የሚወጣው ንጋት ላይ ስለሆነ በኮንሰርቱ ዕለት ጠዋት ተነሥተው፣ ማደሪያ ይዘው፣ በማግስቱ ይመለሱ። ኮንሰርቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያልቅ ከሆነ በዚያው ሌሊት ለመመለስ ኮንትራት መኪና አይያዙ፤ ደክሞት የሚነዳ ሾፌር ነው የሚያገኙት።

ትኬቱ በስልክ የሚላክ ኮድ ከሆነ የኮዱን ፎቶ ለማንም አይላኩ፣ ገጽዎ ላይም አይለጥፉ። በሩ ላይ ያለው ማሽን የሚያውቀው መጀመሪያ የቀረበውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የመጣው እውነተኛው ባለቤት ቢሆንም ይመለሳል። ከሰው የሚገዙ ከሆነ በር ላይ ሆነው፣ ኮዱ አልፎ ሲገቡ ይክፈሉ። ስልክዎ ባትሪ ቢጨርስ እንኳ እንዲገቡ አንድ ቅጂ በወረቀት ያትሙ።

ጥያቄ፦ ከኮንሰርት ስመለስ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ «ጢይይ» ይላል። ጉዳት ነው ወይስ ልማድ? (ከአረብ ሰፈር)

መልስ፦ ጆሮ ድምፅን አይለምድም። ያ ጩኸት በጆሮዎ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመስሚያ ሕዋሳት መጎዳታቸውን የሚናገር ነው፤ ማግስቱ ላይ ሲጠፋ ሁሉም ተመልሷል ማለት አይደለም፣ የሞቱት አይተኩም። በሥራ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው ወሰን በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል። ስፒከሩ ፊት መቆም ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ድምፁ ይበልጥ የሚጣፍጠውም ሳውንድ ማኑ አጠገብ ነው፣ እሱ ያስተካከለው እዚያ ቆሞ ነውና።

የአረፋ ጆሮ መድፈኛ ይግዙ። አብዛኛው ሰው አይሠራም የሚለው ስለማያስገባው ነው። በጣቶችዎ እያሽከረከሩ እንደ ክብሪት እንጨት ያቅጥኑት። በሌላኛው እጅዎ ጆሮዎን በራስዎ ላይ አሳልፈው ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ቱቦው የሚቃናው ያን ጊዜ ነው። ያስገቡትና እስኪነፋ ድረስ 30 ሰከንድ በጣትዎ ይያዙት። ከመስታወት ፊት ሲቆሙ ጫፉ ከጆሮዎ ወጥቶ ከታየ አልገባም፤ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ሕፃን ይዘው የሚመጡ ከሆነ የአረፋው ለትንሽ ጆሮ አይመጥንም፤ ከውጭ ጆሮን የሚከድነውን ያድርጉለት፣ እሱ ከሌለ ከስፒከሩ ጀርባ ባለው ጥግ ይቀመጡ። ጩኸቱ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ወይም በአንዱ ጆሮ ብቻ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ የጆሮ ሐኪም ይዩ።